ጥጥ ያላዳነው ክንድ

ፍራሼ ወገቤን ባይጎረብጠኝ ኖሮ ይህን ታሪክ አልጽፈውም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ጠቅልዬ ተሸክሜው ወደ ፍራሽ ሰፊው ሱቅ ብገባ፣ ጥግ ላይ ክር የምትጠቀልለው ልጃቸው ቀና ብላ አየችኝና ደነገጠች። እኔም አወቅኋት። ሥራዬ ራጅ ማንሣት ነው፤ የዚህችን ልጅ አጥንት ከመልኳ ቀድሜ ነው የማውቀው። ከልደቷ ጀምሮ አጥንቷ በሆነ ባልሆነው የሚሰበር ሆኖ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላት ድረስ አሥራ አራት ጊዜ ክፍሌ ገብታለች።

ለሰላምታ እጄን ብዘረጋ ግራዋን ሰጠችኝ። ቀኙ በሹራቧ እጅጌ ተሸሽጎ ጭኗ ላይ ተኝቷል፤ ብቅ ያሉት ጣቶች አብጠዋል። ልጠይቃት አፌን ስከፍት በዓይኗ ለመነችኝ።

በዚህ መሀል አባትየው ከጓዳ ወጡ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ወንበሩን በመዳፋቸው ጠርገው አስቀመጡኝ። ቤቱ ግን ጉድ ያሰኛል። የጠረጴዛው ማዕዘን፣ የመስኮቱ ደፍ፣ የበሩ መቃን ሳይቀር ጥጥ ተጠቅጥቆበት በጨርቅ ተሰፍቷል። የሰፈሩ ሰው ልጅቷን «ጥጤ» ይላታል፤ ቁልምጫም ነው፣ ሹፈትም ነው።

ወሬ ወሬን ሲያነሣ ነገሩ ወጣ። ልጅቷ የሕንፃ ንድፍ ለመማር ተመዝግባለች፤ የምትጀምረውም ሰኞ ነው። አባትየው ታዲያ ቃል አስገብተዋታል፦ ስድስት ወር ሳትሰበር ከቆየች ትሄዳለች፤ ከተሰበረች ነገሩ ቀረ። ስድስት ወሩ የሚሞላው በማግሥቱ ነበር።

ይህን ስሰማ ጣቶቿን ለምን እንደሸሸገች ገባኝ። ብናገር ትምህርቷን እቀማታለሁ፤ ዝም ብል ክንዷ ተጣሞ ይገጥማል።

«ለመሆኑ» አልኳቸው ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ፣ «ቤት ውስጥስ ተሰብራ አታውቅም?»

«የውጩን ያህል አይሆንም። ደግሞ እኔ የምፈራው መሰበሯን ብቻ አይደለም፣ ጌታዬ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሦስት ዓመቷ ሳለ እግሯ ተሰብሮ ታቅፌያት ሐኪም ቤት ሄድኩ። ‹ማን መታት?› አሉኝ። በር ላይ ዘበኛ አቁመው ከቀትር እስከ ማታ ጠየቁኝ። እናቷ ከሞተች ገና ዓመት አልሞላም። እስከ ዛሬ ልጁን ደብዳቢ የሚለኝ ጎረቤት አለ። እርስዎ ቢሆኑ ይለቋታል?»

አንጀቴን በሉት። ቢሆንም የተማረ ሰው ክፉ አመሉ መልስ አለማጣቱ ነውና ቀጠልኩ። አጥንት ካልተንቀሳቀሱበት ይባስ እንደሚደክም፣ ስለ ሕመሟ የሚያስረዳ የሐኪም ደብዳቤ ቢይዙ ከሐሜትም ከምርመራም እንደሚገላገሉ አስረዳኋቸው። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ። ግን ልጄ ከእኔ ምንም አትደብቅም። ጠዋት ማታ የምነግራት አንድ ነገር ነው፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

ልጅቷ ክሩን አስቀመጠች። ተነሥታ መጣችና እጅጌዋን በጥንቃቄ ሰብስባ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከአንጓዋ በላይ ጠቁሯል።

«መቼ?» አሉ አባትየው።

«ረቡዕ።»

«ማን ገፋሽ?»

«ማንም። እዚሁ፣ ጥጡ መሀል። መሳቢያው አልከፈት ሲለኝ ሳብኩት።»

እጃቸው ወደ ክንዷ ሄዶ ሳይነካት አየር ላይ ቀረ። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ማዕድ ቀርበን እንዴት ሳላይ ቀረሁ እያሉ አጉተመተሙ።

«አባዬ፣ ስብራቱን ለምጄዋለሁ» አለች። «የምፈራው ያንተን ፊት ነው። በተሰበርኩ ቁጥር አንድ በር ትዘጋብኛለህ። ታዲያ እንዴት ብዬ ልንገርህ?»

አባትየው ወንበር ሳቡና ተቀመጡ።

«ለካ መድኃኒቷን የከለከልኳት እኔ ነኝ» አሉ።

«ሰኞስ?» አለች ልጅቷ።

«ክንድሽ ይታሰር፤ ከዚያ ትሄጃለሽ። ያንን ቃልም አንሥቻለሁ። አትሰበሪ አልልሽም። ስትሰበሪ ንገሪኝ።»

ፍራሼን እዚያው ጥዬ ሦስታችንም ወደ ሐኪም ቤት ሄድን። ተረኛዋ ነርስ ክንዷን አይታ «ማን መታሽ?» ስትል አባትየው ክው አሉ። ልጅቷ ግን ፈጥና የሕመሟን ስም ነገረቻት፤ ደብዳቤውም በዚያው ቀን ተጻፈ። ሰኞ ክንዷ በጀሶ ታስሮ ትምህርት ቤት ገባች።

አንባቢ ሆይ፣ መጠንቀቅ አይገባም አላልኩም። ነገር ግን ፍርሃት ልጅን መዋሸት ያስተምራታል እንጂ አጥንቷን አያጠነክርም። በግልጽ በመነጋገራቸው የተገኘውን ተመልከት፦ ደብዳቤውን ያነበቡት መምህራን ክፍሏን ከፎቅ ወደ ምድር ቤት አወረዱላት፤ ጓደኞቿ ቦርሳዋን ይይዙላታል፤ የሰፈሩም ሐሜት ዋለ አደረና ተወ። በዕለቱ የታየ ስብራት ደግሞ ቀጥ ብሎ ይገጥማል።

በወሩ የራጅ ክፍሌ በር ተንኳኳ። ፍራሽ ሰፊው ናቸው፤ በተሽከርካሪ ወንበር ልጃቸውን ይገፋሉ። በትምህርት ቤቱ መግቢያ ደረጃ ላይ የእግሯ ጣት ተሰብሯል።

«ምነው፣ ምን ሆነች?» አልኳቸው።

«ነገረችኝ» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ ደውላ ነገረችኝ።»