ቁልፉ ከአበባው ሥር ነው

ሰዓት ሠሪው አዛውንት ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ከጎረቤታቸው ልጅ ጋር በራፋቸው ላይ ተገጣጠሙ። ልጅቷ ትምህርት ቤትን ለጥቂት ዓመት ብቻ ነው የቀመሰችው፤ ምላሷ ግን ተመርቆ ከወጣ ቆይቷል። እሳቸው ጎንበስ ብለው ከአበባው ማሰሮ ሥር ቁልፍ ሲያወጡ አየቻቸው።

«አባባ፣ ቁልፍ እዚያ ይቀመጣል እንዴ?»

«ለእንግዳ ነዋ! ካርታው ላይ ጽፌዋለሁ።»

በሩን ከፍተው አስገቧትና ስልካቸውን ዘረጉላት። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ሊጠይቃቸው ደጃቸውን የሚረግጥ ሰው ጠፍቶ ነበር። ቀን ሙሉ በሩን ገርበብ አድርገው ቢቀመጡም የሚገባው ነፋስ ብቻ ሆነ። ስለዚህ በኢንተርኔቱ ካርታ ላይ ቤታቸውን ምልክት አድርገው፣ ከሥሩ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ሰዓት ሠሪ። ብቻዬን ነኝ። ማክሰኞ ከሰዓት ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። ቁልፉ ከአበባው ሥር ነው፤ ገብታችሁ ጠብቁኝ።»

«በስመ አብ! ይሄ እኮ ለሌባ የተላከ የጥሪ ወረቀት ነው!»

«ምኔን ይሰርቀኛል? ያለኝ አሮጌ አልጋና ሳል ነው። ሳሉን ከወሰደልኝማ እመርቀዋለሁ።»

«አያስቁኝ፣ ቁም ነገር ነው የማወራው።»

«ደግሞ ሰው መጥቶልኛል! ያለፈው ማክሰኞ ስገባ ወንበሩ ዞሯል፣ ብርጭቆው ውሃ ተጠጥቶበታል። ሳልደርስበት ሄደ እንጂ። ብርጭቆውን እስካሁን አላጠብኩትም።»

ፊታቸው በራ። ልጅቷ ስልኩን ስትነካካ አንድ ፎቶ ላይ ደረሰች።

«ይሄን ማን አነሳው?»

«እንግዳዬ! ቤቴን አሳምሮ ለጥፎልኛል።»

በእርግጥ አሳምሮታል። ብረት የሌለው የጓሮ መስኮት ሳይቀር ይታያል። ልጅቷ የሰዓቶቹን መደርደሪያ በሁለት ጣቷ አሰፋችው።

«እስቲ መነጽርዎን ያድርጉና ያንብቡልኝ።»

በእያንዳንዱ ሰዓት ላይ በክር የታሰረ ወረቀት አለ፤ በገዛ እጃቸው የጻፉት የደንበኛ ስምና ስልክ።

«የመምህርቷ... ይሄ ደግሞ የመድኃኒት ሻጩ...» ድምፃቸው እየሟሸሸ ሄደ።

«እርስዎ ሌባ አይፈሩም እንበል። መምህርቷስ? አንዱ ደውሎ “ሰዓትሽ ተሠርቷል፣ እዚህ ቦታ ነይና ውሰጂ” ቢላትስ? እርስዎን አምና ትሄዳለች።»

አዛውንቱ ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ።

«በአደራ የተቀበልኩት ነገር ጠፍቶብኝ አያውቅም» አሉ።

«ሰዓቶቹማ አሉ አባባ። የተጋለጡት ሰዎቹ ናቸው።»

«እንግዲያው ይህን ካርታ ከሥሩ ንቀይልኝ!»

«ካርታው ምን አጠፋ? ቢያምዎት አምቡላንስ የሚያገኝዎት በእሱ ነው። ሥራዎን፣ የሚከፍቱበትን ሰዓት ይጻፉ። ብቻዎን መሆንዎን፣ ቤቱ ባዶ የሚሆንበትን ቀን፣ ቁልፉን ግን ለዓለም አይንገሩ። ለሚያውቁት ሰው ብቻ ይንገሩ።»

«የማውቀው ሰው ቢኖር ካርታ ላይ እጽፍ ነበር?»

ልጅቷ ስልኩን መለሰችላቸው።

«እኔን አያውቁኝም እንዴ?» አለች የተቆጣች መስላ።

ሥራው ያን ዕለት ተጀመረ። ጽሑፉን አጠፉ፤ ፎቶው እንዲሰረዝ ለካርታው ባለቤቶች አመለከቱ። ያ እንግዳ ቁልፉን አስቀርጾት እንደሆነ ስለማይታወቅ የበሩ ቁልፍ ተቀየረ፣ መስኮቱም ብረት ተበጀለት። አዛውንቱ ለደንበኞቻቸው አንድ በአንድ ደውለው «በእኔ ስም ሌላ ሰው ቢጠራችሁ እንዳትሄዱ» አሉ። መምህርቷ አመስግና፣ ስለ ሳላቸው ጠይቃ፣ ብዙ አወራቻቸው። መድኃኒት ሻጩም ሽሮፕ ይዞ ሊመጣ ቀጠሮ ያዘ። ካርታው ያላመጣውን ሰው ጥንቃቄው አመጣው። ያን ብርጭቆም አጠቡት፤ ትንሽ እያመነቱ።

በቀጣዩ ማክሰኞ ከሐኪም ቤት ተመልሰው በሩን ከውስጥ ቆለፉ። ቤቱ ከወትሮው የባሰ ጭር አለባቸው። ይህን ጊዜ በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?» አሉ።

ይህ ቃል ከአፋቸው ከወጣ ስንት ጊዜው! ገርበብ ያለ በር ማን ያንኳኳል?

«እኔ ነኝ አባባ!»

ድምጿን በደንብ አውቀውታል። ቁልፉን እንደያዙ ግን ጆሯቸውን ወደ በሩ አስጠጉ።

«እኔ ማን?»