የይቅርታው ድንጋይ

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ቤተ ልሔም በምትባለው አገራችን የቤተ ክርስቲያኑን አጥር በድንጋይ ስንክብ፣ ግንበኛው አያ ታከለ «ድንጋይ ስታነሣ ቁጢጥ በል፤ ወገብህን ትሰብራለህ» አሉኝ። እኔም በሰው ፊት «ዶሮ ነኝ እንዴ ቁጢጥ የምል?» ብዬ መለስሁላቸው። ተቀየሙና ሥራውን ጥለው ቤታቸው ገቡ።

ሽማግሎች ድንጋይ ተሸክሜ አያ ታከለ እግር ላይ እንድወድቅ ፈረዱብኝ። ትንሽ ድንጋይ ንቀት ይመስላል ብዬ ትልቁን መረጥሁና ጎንበስ ብዬ ብድግ አደረግሁት። ወገቤ ቋ አለ። እንደ ምንም ደጃቸው ደርሼ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ይቅር ብዬሃለሁ፤ ተነሥ» አሉኝ። አልተነሣሁም። «ተነሥ እንጂ!» አሁንም አልተነሣሁም። ሽማግሎቹ «እንዲህ ያለ ጸጸት አይተን አናውቅም» እያሉ እንባቸውን ጠረጉ። አያ ታከለ ግን አጠገቤ ቁጢጥ አሉና በጆሮዬ «ጎንበስ ብለህ ነው ያነሣኸው?» አሉኝ።