መውደቅን የሚያስተምረው ማኅበር

ጣልያን አገራችንን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ውስጥ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ከዲላ ወደ ቡሌ በሚያወጣው መንገድ ጭቃውን እየረገጥኩ ስሄድ ባላምባራስ ገብረኪዳንን ከመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አንድ ጫማቸውን አውልቀው ጭቃውን በእንጨት ይፍቃሉ፤ ጫማውንም ጭቃውንም መንገዱንም ይራገማሉ። እኔ ከወረራው በፊት የዲላ ልጆች መምህር ነበርኩ። ትምህርት ቤቴ የጭድ መጋዘን ሲሆን ማመልከቻ በመጻፍ እንጀራዬን ማግኘት ጀመርኩ። ወደ ቡሌ መንገድ የምወጣበትን ምክንያትም ከአንባቢ አልሸሽግም፤ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው ሆኜ በየእሑዱ መሬት ላይ ልጣል ነው የምሄደው።

«እንደምን ዋሉ ባላምባራስ? በዚህ ጭቃ ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ መምህር ገሪማ። ልጄን ፍለጋ ነው። ደመላሽን አላየኸውም?»

አይቼዋለሁ። ባለፉት ሁለት እሑዶች አብረን ነበርን። ነገር ግን መልስ ከመስጠቴ በፊት ባላምባራስ ከጋቢያቸው ሥር አንድ ቢላ ከነሰገባው አውጥተው አሳዩኝ።

«ይህን ላደርስለት ነው። ቤት ጥሎት ወጥቷል» አሉ። «በገበያ መካከል፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አንድ ባንዳ መንገድ አልለቀቅክልኝም ብሎ በጥፊ መታው። ሰማህ? የእኔን ልጅ! ሃያ ቀን ሆነው። ሃያ ቀን ሙሉ በጥፊ የተመታ ፊት ይዞ ሲበላና ሲተኛ አየሁት።»

ባንዳ የወጋ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ የዲላ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እሱ በገበያው ይሰቀላል፤ ዘመዱ ይታሰራል፤ ጎረቤቱ ቤቱ ይቃጠልበታል። ባላምባራስ ደግሞ ሁለት ልጆቻቸውን በጦርነቱ ቀብረዋል። የቀራቸው ደመላሽ ብቻ ነው።

«እናቱ ወይዘሮ ሮማነወርቅስ ምን አሉ?» ስል ጠየቅኋቸው።

«ምን ትላለች? ታለቅሳለች።»

«ባላምባራስ፣ ይቆጡኝና ልናገር። ለአንድ ባንዳ አንድ ልጅ ይከፍላሉ? ጠላት እኮ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። እየተናደድን አንድ በአንድ ወጥተን እንድንሰቀልለት!»

«ፈሪ ልጅ ከሚኖረኝስ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። ጫማቸውን አጥልቀው ተነሡ፤ አብረን መውጣት ጀመርን።

ጥቂት ከሄድን በኋላ «የትግል ማኅበር አለ ይባላል» አሉ። «ደመላሽም እዚያ ነው የሚውለው አሉኝ። ትግል መልካም ነው፤ የወንድ ጨዋታ ነው። ነገር ግን አዲስ የገባውን ሰው መጀመሪያ የሚያስተምሩት መውደቅ ነው ይላሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው። አንድ ወር ሙሉ።»

«ኧረ የሰው ያለህ! መውደቅም ትምህርት ሆኖ! በእኔ ቤት ጀርባው መሬት የነካ ሰው የለም።»

«ፈረስ ሲማሩ አልወደቁም?»

«ወድቄአለሁ። የጣለኝ ግን ፈረስ ነው፤ የገባሬ ልጅ አይደለም!»

ነገሩ ወዲህ ነው ለካ። የማኅበሩ አስተማሪ ባልቻ ነው። አባቱ የባላምባራስ ገባር ነበሩ። ባልቻ በልጅነቱ ከነጋዴዎች ጋር አዲስ አበባ ገብቶ ለአንድ የውጭ አገር ሰው ፈረስ ሲጠብቅ ኖሯል፤ ሰውየው ትግል ያስተምር ነበርና ከእሱ ተማረ። ጣልያን ሲመጣ አገሩ ተመልሶ፣ የቡሌ ልጆች ከጥንት የሚታገሉትንም ጨምሮ የራሱን ትምህርት አወጣ። የጣልያን ሹማምንት የልጅ ጨዋታ ነው ብለው ንቀው ተዉት።

«ባላምባራስ፣» አልኩ፣ «እኔ ደመላሽን ፊደል ሳስተምር አባቴ ማን እንደሆኑ ጠይቀውኝ ነበር?»

«አልጠየቅሁህም።»

«ለምን?»

«ፊደል የሚያውቅ አንተ ነበርክ።»

«መልሱን ራስዎ ሰጡኝ» አልኳቸው። እሳቸው ግን ጣልያን ገባሮቻቸውን እንዴት እንዳስነሣባቸው እስክንደርስ ድረስ ነገሩኝ።

ከመንገዱ ገባ ብሎ በእንሰት የተከበበ ገላጣ ቦታ አለ። ደረቅ የእንሰት ቅጠል ወፍራም ሆኖ ተነጥፎበታል። ዐሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ፤ የጌዴኦ ገበሬዎች፣ የከተማ ልጆች፣ ባለሱቁ ሸምሰዲንም ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ። እኛ ስንደርስ ሸምሰዲን ደመላሽን አንሥቶ ቅጠሉ ላይ አነጠፈው። ደመላሽ አገጩን ወደ ደረቱ አስጠግቶ በጎኑ ተንከባሎ ወደቀ። ሸምሰዲን ደርቦ ሲይዘው ደመላሽ በመዳፉ መሬቱን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ፤ ሸምሰዲንም ወዲያው ለቀቀው።

«ደመላሽ!» ብለው ባላምባራስ ጮኹ።

ልጁ ተነሥቶ ቅጠሉን እያራገፈ መጣና እጅ ነሣ። ባላምባራስ ቢላውን ዘረጉለት። አልተቀበለም።

«አባባ፣ ይስሙኝ» አለ። «ያ ሰው ሲመታኝ እጄ ወገቤ ላይ ነበር፤ ቢላውም ነበረኝ። እማማን አሰብኩና ተውኩት። ከዚያ በኋላ ግን እጄ መንቀጥቀጡን አላቆመም። ስበላ ይንቀጠቀጣል፤ ስተኛ ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን ሳላስበው እንደሚገድል አወቅኩ። እዚህ የመጣሁት እጄን ልገራ ነው። አሁን ይመልከቱ።»

እጁን ዘረጋ። ጸጥ ብሏል።

«ማን ነው የገራህ? ይሄ?» አሉና ባላምባራስ ቢላውን ወደ ጋቢያቸው መልሰው ወደ ባልቻ ሄዱ። «በል ያዘኝ!»

ባልቻ ረጅም፣ ንግግሩ ቀስ ያለ ሰው ነው። «ባላምባራስ፣ ጀማሪ ወዲያው አይታገልም። መጀመሪያ መውደቅ ይማራል።»

«እኔ ጀማሪ አይደለሁም!»

ወገቡን ጨብጠው ገፉት። እንዴት እንደሆነ በደንብ አላየሁም፤ ባልቻ ግማሽ እርምጃ ዞር ያለ መሰለኝ። ባላምባራስ በጀርባቸው ቅጠሉ ላይ ተዘረጉ፤ ቢላው ከጋቢያቸው ወጥቶ ወደ ጎን ወደቀ። የባልቻ ክንድ ደረታቸው ላይ ነበር። ሌላው መዳፉ ግን ጭንቅላታቸው መሬት እንዳይመታ ከማጅራታቸው ሥር ገብቷል።

ሰው ሁሉ የያዘውን ለቆ ወደ እነሱ ዞረ፤ ምክንያቱንም የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። የዛሬ ዐሥራ ስምንት ዓመት የባልቻ አባት ሚስታቸው ምጥ ይዟት ከባላምባራስ እርሻ አንድ ቀን ቢቀሩ፣ ባላምባራስ በደጃቸው ካለው ግንድ ጋር ሦስት ቀን አስረዋቸው ነበር።

«ታውቀኛለህ?» አሉ ባላምባራስ ከመሬት ሆነው።

«አውቅዎታለሁ። ለአባቴ ውሃ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«እጅዎን ነው የምጠብቀው። መሬቱን ሁለቴ መታ ያድርጉ፤ እለቃለሁ።»

ባላምባራስ ሰማዩን እያዩ ቆዩ። ደመላሽ ሊራመድ ሲል ክንዱን ይዤ አስቀረሁት። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ራሴ ጥርሴን ነክሼ ነበር። በመጨረሻ ያ የተሸበሸበ እጅ ከቅጠሉ ላይ ተነሣ፤ አንዴ፣ ሁለቴ መታ። ባልቻ በዚያው ቅጽበት ለቀቃቸው። ደግፎ አስነሣቸው፤ ጋቢያቸውንም አራገፈላቸው።

ባላምባራስ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆሙ። ቢላውን አንሥቼ ስሰጣቸው ገፉት። «አንተ ውሰደው፣ ገሪማ። እርሳስ ቅረጽበት።» ከዚያ ወደ ባልቻ ዞሩ። «እኔ ሰው ሳስር ኖሬአለሁ። ሦስት ቀን የያዝኩትን ሰው በሦስተኛው ቀን እንኳ የለቀቅኩት ምሥጋና እየፈለግኩ ነው። አንተ ለዚህ ሁሉ ጊዜ ያቆየኸው ቂም እያለህ፣ ሁለት ጊዜ መሬት ስለመታሁ ለቀቅከኝ። እንዴት ቻልክ?»

«ተምሬው ነው» አለ ባልቻ። «እኔም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ባላምባራስ።»

«አባትህ አሉ?»

«አሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ከቤት አይወጡም።»

«ውሰደኝ።»

ዝናብ ጀምሮ ነበር። ባልቻ፣ ባላምባራስ፣ ደመላሽና እኔ በእንሰቱ መካከል ወርደን ከባልቻ አባት ጎጆ በር ደረስን። ባላምባራስ ባርኔጣቸውን አውልቀው በዝናቡ ቆሙ። «ያሰርኩህ እኔ ነኝ። በደልኩህ። ይቅር በለኝ» አሉ። ባልቻ በጌዴኦኛ ተረጎመላቸው። ሽማግሌው ከምድጃው አጠገብ ሆነው እሳቱን መቆስቆስ ቀጠሉ። እምቢ የሚሉ መስሎኝ ነበር፤ እምቢ ቢሉም አልፈርድባቸውም ነበር። ኋላ ግን አንድ ነገር ተናገሩ። ባልቻም «ዝናብ ላይ አትቁሙ፣ ግቡ ይላሉ» አለን። ባላምባራስ ገብረኪዳን በዚያ በር ሲገቡ እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

አንባቢ ሆይ፣ ማስተማር ልማዴ ነውና ጥቂት ታገሠኝ። ሰው የሚወድቅበትን መንገድ ካላወቀ፣ አንዱ ሲገፋው ወይ አንገቱ ይሰበራል ወይ ገፊውን ይገድላል። መውደቅ የለመደ ግን ለመነሣት አይቸኩልም፤ ስለማይቸኩልም ጉልበቱን ለሚገባው ቀን ያቆያል። በዚያ ቅጠል ላይ በአንድ ማዕድ የማይቀርቡ ሰዎች አንዱ የሌላውን ጭንቅላት በመዳፉ ይዞ ያወርዳል። ማኅበሩ ከተጀመረ ወዲህ በዚያ ሰፈር በጠብ የሞተ ሰው አልሰማሁም። ጠላት የጌዴኦውን ገበሬና የከተማውን ሰው ሊያፋጅ ሲመክር፣ እነዚህ እሑድ እሑድ እየተፈራረቁ ይወድቁ ነበር። ለእኔ እንኳ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ የታመመው ወገቤ ድኗል።

ታኅሣሥ ላይ ያ ባንዳ ደመላሽን ገበያ ውስጥ ዳግም አገኘው። እኔና ባላምባራስ ከሸምሰዲን ሱቅ በር ላይ ቆመን እናይ ነበር። ባንዳው በሁለት እጁ ገፈተረው። ደመላሽ በጎኑ ተንከባሎ ወደቀ፤ ተነሣ፤ አቧራውን አራገፈ፤ ሰውየውን ቀጥ ብሎ አየውና መንገዱን ቀጠለ። ባንዳው ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ቆሞ ቀረ፤ ጨው የምትሸጥ አንዲት ሴትዮ ሳቀችበት።

ባላምባራስ ክንዴን አጥብቀው ይዘውኝ ነበር። «አየኸው?» አሉኝ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ። «የእኔ ልጅ ነው።»

የዚያን ዕለት ማታ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ለባላቸው፣ ለልጃቸውና ለራሳቸው፣ ማንም ሳይጎድል፣ የሦስት ሰው እራት አቀረቡ።