ትርሲትን የሆነችው ሲሀም

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ የፌርፋክስ ሰፈር ልጆች፤ ከባግዳድ ድረስ የመጣሽ እህቷ ሩመይሳ፤ ፈጣሪ ሁላችንንም ያጽናን። እኔ እሌኒ ነኝ። ከሲሀም ጋር ሬስቶራንት አብረን ሠርተናል፤ እሷ ዕቃ አጣቢ፣ እኔ አስተናጋጅ።

ሐሙስ ዕለት ልቧ ቀጥ አለ ሲሉኝ ሕልም መሰለኝ። ደግሞስ የሲሀም ምኗ ሕልም ያልነበረ? የኢራቅ ልጅ፣ አማርኛን ከኩሽናችን የለቀመች፣ በአማርኛ ድራማ እናት ሆና በየቤታችን ገባች! ማን ገመተ? እሷስ ገምታው ነበር?

እውነቱን ልናገር። የድራማውን እናት፣ ትርሲትን፣ እንድጫወት የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ሲሀም ሳህን እያጠበች ስክሪፕቱን ታስጠናኝ ነበር። የቀረጻው ቀን ፓርኪንግ ፍለጋ ፌርፋክስን አርባ ደቂቃ ዞርኩ። ሬስቶራንታችን ስደርስ ሲሀም በእኔ ቦታ ትርሲትን ሆና፣ ከሳህን እጥበት እጇ እንደረጠበ፣ ካሜራ ፊት ቆማ የድራማ ልጇን ትመርቃለች። ካሜራውን የያዙት ጋሼ ፍሬው ዕንባቸውን ይጠርጋሉ። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

ከዚያ በኋላማ ምኑ ይወራል! በፒኮ መንገድ አውቶቡስ ውስጥ ሽማግሌ ተነስቶ ያስቀምጣታል። ወይን ጠጅ አበባ በረገፈበት መንገድ ቀስ ብላ ስትሄድ፣ ሰው እየተከተለ «እማማ ትርሲት፣ ይመርቁን» ይላል። አንዳንዴ በአማርኛ፣ አንዳንዴ በዐረብኛ ትመርቃለች። እኔ ግን አኮረፍኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሰላምታ እንኳ ነፈግኳት።

አንድ እሑድ ጎረቤቴ እትዬ የሺሃረግ ደወሉ። «ልጄ፣ ሲሀም አረፈች! ሲቀብሯት አሁን በቴሌቪዥን አየሁ!» እትዬ፣ አይቆጡኝ፤ ልናገረው ነው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ መኪናዬን የትም ጥዬ፣ «ወይኔ ሲሀም! ወይኔ እህቴ!» እያልኩ የቤቷን ደረጃ ወጣሁ። እትዬም ንፍሯቸውን ይዘው ከኋላዬ። በሩ ተከፈተ። ራሷ ሲሀም!

«ምነው እሌኒ፣ ማን ሞተብሽ?»

«አንቺ ነሻ!»

«የሞተችው ትርሲት ናት፤ ድራማው ላይ። ኦኬ፣ ግቡ! ለቅሶ መጥታችሁ ደጅ ትቆማላችሁ?»

ንፍሮውን ለሦስት በላነው። ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። በዚያው ታረቅን። ይቅርታ ግን አላልኳትም። ነገ እላታለሁ፣ ነገ እላታለሁ ስል ቀደመችኝ። ወይ እኔ!

ሲሀሜ፣ ዛሬ ሰው ሁሉ ይስማኝ። «ቦታዬን ቀማችኝ» ብዬ በየቤቱ አውርቻለሁ። ውሸቴን ነው። በሰዓቱ ብደርስም ጋሼ ፍሬውን አላስለቅሳቸውም ነበር። ትርሲት ያንቺ ነበረች፤ የቀረጻው ቀን በር ላይ ቆሜ ገብቶኛል። ስትመርቂ፣ ማንም ሳይሰማኝ፣ አሜን ብያለሁ። ይህንን ነው ሳልነግርሽ የቀረሁት። ይቅር በይኝ። ደህና ሁኚ፣ እህቴ።