ቁልፉና አምስቱ ግልባጮች

ለምያዬ፣ እንዴት አደርሽ? ባጃጅ አጣሽ እንዴ፣ እንዲህ የበሰበስሽው? የቦንጋ ዝናብ እንደሆነ በጋም ክረምትም አይል። ነይ ተቀመጪ... በሩን ክፍት ተዪው። ከጎረቤት ቢሮ ምን የምንደብቀው አለ?

ትናንት ኮምፒውተሩ ተቃጠለ ሲሉኝ አልደነገጥኩም። ለምን እደነግጣለሁ? ሰው አለን፣ እዚሁ ጎረቤት ቢሮ። አዲስ አበባ ሰልጥኖ የመጣ፣ የሠራተኛው ማኅደር ፓስወርድ ሳይጠየቅ በየቀኑ ራሱን ዋጫ ከተማ ቢሮ ወዳለው ኮምፒውተር እንዲገለብጥ ያደረገ። ለዚህ ሁለት ቁልፍ ያስፈልጋል አሉ፤ ቁልፍ ሲባል ጽሑፍ ነው፣ አንዱ ለዋጫ የሚሰጥ፣ አንዱ እዚህ የሚደበቅ። እሱ ደግሞ ቸር ነው... የሚደበቀውን ሰጠ፣ የሚሰጠውን ደበቀ።

በምን ላከው መሰለሽ? በሸኚ ደብዳቤ። አትሞ፣ ማኅተም አስመትቶ፣ ግልባጭ ለአምስት ቢሮ። ምስጢር ሲያካፍል እንኳ አያዳላም እኮ። ወጪ ቁጥሩን የሰጠሁት እኔው ነኝ፣ የመዝገብ ቤቷ ሠናይት። ዋጫዎችስ መች ሰነፉ? «ቁልፉ ደርሶናል፤ ካዝና ውስጥ ቆልፈንበታል» ብለው በማኅተም መለሱ።

አልሰማ ያለው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፓስወርድ ይጠይቃል፣ መላሽ ያጣል፣ ይተወዋል። ብልሁ ሰው ታዲያ ማኅተሙ ደብዝዞ ይሆናል ብሎ ደብዳቤውን እንደገና ላከው። ሪፖርቱ ግን መቶ በመቶ። ሞዴል ሠራተኛ ሲባል እኔም አጨብጭቤያለሁ።

አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባል የለ? እሱ አንድም የማኅደር ግልባጭ ሳይኖረው ሁለት ዓመት ለጥ ብሎ ተኛ... መታደል ነው።

ለእኔ አትዘኚ። ሰኔ ላይ ጡረታ ልወጣ ነበር፤ የሃያ ስምንት ዓመት አገልግሎቴ ያለው እዚያ የተቃጠለው ውስጥ ነው። ወረቀቱንማ «ዘመናዊ ሆነናል» ብሎ አስወግዶልኛል። ዋጫ ብደውል ከእናንተ የደረሰን ደብዳቤ ብቻ ነው አሉኝ። እንግዲህ ዛሬ እንደተቀጠረች ልጅ ልቆጠር ነው። ስንቷ ሴት ወጣትነቷን ትመኛለች፣ እሱ በነፃ መለሰልኝ። የተናደድኩ መሰለሽ? አዎ፣ ተናድጃለሁ። አንጀቴ አሯል።

ብቻ እግዜር ውለታውን ይክፈለው። ዕድሜ ከጤና ይስጠው። በሰማይ ቤትም መልካም ሥራውን የሚመዘግብለት መልአክ... እንደሱ ያለ ታታሪ፣ እንደሱ ያለ ሞዴል ይሁንለት። አሚን በይ እንጂ፣ ለምያዬ።