ከሞተሩ በላይ የተሰቀለችው ጀልባ

ክረምት ላይ የጓንግ ወንዝ ሲሞላ የሚያሻግረን ባለሞተር ጀልባ አለን። ከኋላው፣ ልክ ከሞተሩ በላይ፣ ትንሽ የጎማ ጀልባ ተሰቅላበታለች፤ የአደጋ ጊዜ መዳኛ ናት ይላሉ። ባለፈው ክረምት የሁለት ዓመት ልጄን ወባ ጥሏት ታቅፌ ተሳፈርኩ፤ ጤና ጣቢያው ከማዶ ነው። መሀል ላይ ውሃው ሳሳና ሞተሩን ወደ ላይ ማንሳት ግድ ሆነ። ትንሿ ጀልባ ተጭናው አልነሳም አለ፤ አሸዋ ላይ ተቀረቀርን። ከአሸዋው ወዲያ ደግሞ ጎርፉ ሰው ይወስዳል።

«አያ ደሴ፣ ትንሿን ይፍቱልኝና በሷ ልሻገር» አልኳቸው ነጂውን።

«እሷማ ለአደጋ ናት፣ ልጄ።»

«ይኼ ታዲያ ምንድን ነው?»

«አደጋ የሚባለው ትልቁ ሲሰጥም ነው። እኛ ቆምን እንጂ መች ሰጠምን? ደግሞ ያለ ኃላፊው ፈቃድ አትፈታም።» ስልካቸውን ወደ ሰማይ አንስተው ኔትወርክ ይፈልጉ ጀመር።

«በሉ እንግዲህ፣ እንድንሰጥም እንጸልይ!» አለ ለሰሊጥ አረም የመጣ አንድ ጎጃሜ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ፀሐይ አናታችን ላይ ስትደርስ ግን ልጄ ማቃሰቷን ተወች። የጎጃሜውን ገጀራ ነጥቄ ገመዱን ቆረጥኩት፤ እሱ እየቀዘፈልኝ ተሻገርን።

«ምነው ትንሽ ቀደም ብትል!» አለችኝ ነርሷ።

በሦስተኛው ቀን አያ ደሴ ለቅሶ መጡ። ከልባቸው አለቀሱ። ከዚያ ከኪሳቸው ወረቀት አወጡና «ገመዱ ቢቆረጥም ትንሿ ጀልባ ጉዳት እንዳልደረሰባት ፈርምልኝ፤ አለዚያ እኔን ነው የሚጠይቁኝ» አሉኝ።

ፈረምኩላቸው። እውነታቸውን ነው፤ እሷን ጭረት እንኳ አልነካትም።