ሐሩ ላይ የቀረው ፈረስ

አሰላ ውስጥ፣ ጋሼ የምላቸው ሠዓሊ ዘንድ፣ በተወጠረ ሐር ቀለም እያሳለፉ ማተም ስማር ነው። አንድ የበቆጂ ሽማግሌ የሞተባቸውን ፈረስ አቡጀዲ ላይ እንድናትምላቸው ጠየቁ። ጋሼ መልኩን አስነግረው ለእያንዳንዱ ቀለም በየሐሩ ላይ ሣሉት፤ መጀመሪያ ቡናማውን ቀለም አትመን አደረቅነው። ሽማግሌው ሲያዩት ተቆጡ።

«ይሄ ፈረስ ነው? ጭቃ ነው እንጂ!» ብለው ሊሄዱ ዱላቸውን አነሡ።

ጋሼ ሳቅ ብለው የጥቁሩን ሐር አቡጀዲው ላይ ደርበው ቀለሙን አፈሰሱና ቀለም የሚሳብበትን የጎማ መግፊያ አስጨበጧቸው። «እርስዎ ራስዎ ይሳቡት፣ አባባ።»

ሳቡት። ሐሩን ስናነሣው ዓይኑ፣ ጋማው፣ የቆመው ጆሮው ብቅ አለ። ሽማግሌው «ቦራ!» ብለው በስሙ ጠሩት። እኔ ሌላ አቡጀዲ ላነጥፍ ስል እጄን ያዙኝ።

«ተው ልጄ፤ የኔ ፈረስ አንድ ነው።»

መቶም ማተም እንችላለን ልል ስል ጋሼ ቀደሙኝ። ስንት ቀን ለፍተው ሐሮቹ ላይ የሣሉትን፣ ዳግም እንዳይታተም፣ እዚያው ፊታቸው በላምባና በሙቅ ውሃ ፈግፍገው አጠቡት። ሽማግሌው ከሄዱ በኋላ የጥቁሩን ሐር ወደ መስኮቱ ባነሣው የፈረሱ ጥላ ስስ ብሎ ቀርቷል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አይለቅም» አልኳቸው።

«እኔስ መች ይልቀቅ አልኩ?» አሉና ግድግዳው ላይ ሰቀሉት።